ዲበገሩ በአንዱ ማሽን ይሠራል፣ በሌላው ይዋሻል፦ የኢፍዴፍ ጫካውን እንመንጥረው

ዲበገር፣ ማለትም የሌላ ፕሮግራም ስህተት የሚመረመርበት ፕሮግራም፣ ሁለት ማሽን አንድ ላይ ማሰብ አለበት። እሱ ራሱ የሚሮጥበት ሆስት አለ፣ የሚመረመረው ፕሮግራም የሚሮጥበት ታርጌት አለ። ሁለቱ አንድ ማሽን ሲሆኑ ማንም ልዩነቱን አያስተውልም፤ ችግሩም ለዓመታት ተደብቆ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ምልክት፦ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ፕሮግራም ስትመረምሩ ሁሉም ሰላም ነው። ከኤክስ86 ማሽን ሆናችሁ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ያለው ኤአርኤም64 ቦርድ ላይ ያለውን ስትመረምሩ ግን ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ) ላይ የቆመው አድራሻ በ1 ባይት ወደኋላ ያፈነግጣል። ወይም ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ የ64 ቢት ሊኑክስ ፕሮግራም ስታዩ የእያንዳንዱ ሎንግ (የሲ ቋንቋ የቁጥር ዓይነት) ግማሽ ባይቶቹ የሉም።

መንስኤ፦ ኤክስ86 ላይ የብሬክፖይንት ትዕዛዙ ኢንት3 ነው፣ 1 ባይት። ሲፈነዳ ፕሮግራም ካውንተሩ (የሚሠራውን ትዕዛዝ አድራሻ የሚይዘው ሬጂስተር) አልፎት ስለሚቆም ዲበገሩ 1 ይቀንሳል። ኤአርኤም64 ላይ ትዕዛዙ 4 ባይት ነው፤ ካውንተሩም እዚያው ትዕዛዙ ላይ ይቆማል፣ ምንም አይቀነስም። ቅነሳውን «ኤክስ86 ከሆነ» በሚል ኢፍዴፍ (ማክሮ የሚባል ስም ከተተረጎመ ብቻ ኮዱን የሚያስገባ የሲ መመሪያ) ከጻፋችሁት ኮምፓይለሩ የሚመልስላችሁ ስለ ሆስቱ ነው፣ እናንተ የጠየቃችሁት ስለ ታርጌቱ ነበር። ሎንግም እንደዚያው፦ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4። የሆስቱን ሳይዝኦፍ (የባይት መጠን) ለታርጌቱ ካዋላችሁ አለቀ።

መፍትሄ፦ የታርጌት ነገር ሁሉ ከማክሮ ወጥቶ ዳታ ይሁን። ለእያንዳንዱ አርክቴክቸር አንድ ስትራክት (የመረጃዎች ጥቅል) ሥሩ፤ የፖይንተር መጠን፣ የሎንግ መጠን፣ የባይት ቅደም ተከተል፣ የብሬክፖይንት ባይቶች፣ ከካውንተሩ የሚቀነሰው ቁጥር እዚያ ይግቡ። የትኛው ስትራክት እንደሚያዝ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ሲከፈት ከኤልፍ (የሊኑክስ ፕሮግራም ፋይል ቅርጽ) ሄደሩ ተነብቦ ነው። ታዋቂው ዲበገር ጂዲቢም በዚሁ መንገድ አልፏል፦ ድሮ ለየታርጌቱ በማክሮ የተሞላ ሄደር ፋይል ነበረው፣ አሁን ጂዲቢ-አርች የሚባለው መዋቅር እየሮጠ ይመርጣል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልገልብጥ ካላችሁ ግን ትጠፋላችሁ። አንድ ማክሮ ያዙ፣ ከስትራክቱ አንብቦ በሚመልስ ፈንክሽን ተኩት፣ ቴስት አስኪዱ፣ አሮጌውን ሰርዙ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። በመሃል ማንም የማይጠቀምባቸው ማክሮዎች ማግኘታችሁ አይቀርም፤ እነሱን ያለ ርኅራኄ አጥፉ።

ምልክት፦ ቢልዱ ያልፋል፣ ስህተት የለም፣ አንዱ ፕላትፎርም ላይ ግን አንድ ፊቸር ድምፁን አጥፍቶ ጠፍቷል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ያልተተረጎመ (የትም ትርጉም ያልተሰጠው) ማክሮ በኢፍ ውስጥ እንደ 0 ይቆጠራል። የፊደል ስህተት ወይም ኮንፊግ ሄደሩን ኢንክሉድ ማድረግ መርሳት ይበቃል። ሄደሩ በእያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ ይግባ። ማክሮዎቹም ሁልጊዜ 0 ወይም 1 ተብለው ይተርጎሙ፣ በኢፍዴፍ ፋንታ በኢፍ ጠይቁ፣ ያልተተረጎመ ማክሮ ሲገኝ የሚያስጠነቅቀውን የኮምፓይለር ምርጫም አብሩ። ይህች ምርጫ ብቻዋን ብዙ ቅዠት ታስቀራለች።

ምልክት፦ «ዩኒክስ ከሆነ» የሚለው ኮድ አንዱ ሲስተም ላይ ኮምፓይል አይሆንም።

መንስኤና መፍትሄ፦ ፒትሬስ (ዲበገሩ ሌላውን ፕሮግራም የሚቆጣጠርበት የሲስተም ጥሪ) በስም ብዙዎቹ ጋ ቢኖርም ሥራው ይለያያል። ሊኑክስ በኤአርኤም64 ላይ ሬጂስተሮችን የሚያነበውን አሮጌውን ጌትሬግስ አይሰጥም፣ ጌትሬግሴት ነው ያለው። ማክኦኤስ ላይ ደግሞ ሜሞሪ የሚነበበው በማክ (Mach) ከርነል ጥሪዎች ነው። ስለዚህ የሲስተሙን ስም ሳይሆን ችሎታውን ከቢልድ በፊት በሚሮጠው ኮንፊገር ስክሪፕት ፈትኑ፤ የእያንዳንዱን ሲስተም ኮድ ለብቻው ፋይል ስጡትና የቢልድ ስክሪፕቱ ይምረጥ። ሁለት መስመር ለሆነች ልዩነት ግን ፋይል አትክፈቱ፣ ኢፍዴፏ ትቆይ።

ምልክት፦ ሁሉንም ታርጌቶች አንድ ላይ ስትገነቡ ሊንከሩ (የተገነቡትን ፋይሎች አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው) «ይህ ስም ሁለት ጊዜ ተተርጉሟል» ይላል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ድሮ በአንድ ቢልድ አንድ ታርጌት ብቻ ስለነበር ሁለት ፋይሎች ተመሳሳይ ስም ያለው ግሎባል ፈንክሽን ቢኖራቸው አይጋጩም ነበር። ፈንክሽኖቹን ስታቲክ (ከፋይላቸው ውጭ የማይታዩ) አድርጉና አድራሻቸውን በየስትራክቱ ውስጥ አስመዝግቡ። ይህን ሁሉንም ታርጌት የሚገነባ ቢልድ በየለውጡ አስኪዱት፣ ተመልሶ የገባ ማክሮ ካለ ቶሎ የሚታየው እዚህ ነው።