የማዘርቦርድ ፍላሽ ቺፕ ስትቀይሩ ቮልቴጁን አትርሱ

ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተጫነበት ፍላሽ ቺፕ ተበላሸ ብላችሁ ማዘርቦርዱን ለመጣል አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ያለው፣ ከጣት ጥፍር የሚያንስ ጥቁር ቺፕ ነው። በላዩ ያለው ጽሑፍ ደብዛዛ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንሱት፤ ፎቶው በቺፑ ላይ ያለችው ነጥብ ወደ የት እንደዞረችም ያስታውሳችኋል። ነጥቧ የአንደኛው እግር ምልክት ናት።

ዊንቦንድ በተባለው አምራች ቺፕ ላይ «25ኪው64» የሚለው 64 ሜጋቢት እንጂ ሜጋባይት አይደለም፤ 8 ሜጋባይት ማለት ነው። 128 ከሆነ 16 ሜጋባይት ነው።

ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ ቮልቴጁን ነው። የ3.3 እና የ1.8 ቮልት ቺፖች በመልክ አይለዩም። በማክሮኒክስ ምርቶች «25ኤል» የ3.3 ቮልቱ፣ «25ዩ» የ1.8ቱ ነው። የ1.8 ቮልቱን ያለ ቮልቴጅ መቀነሻ በ3.3 ቮልት ፕሮግራመር (ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ) ላይ ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል።

አዲስ ካጣችሁ ከሞተ ማዘርቦርድ ላይ ተመሳሳዩን ንቀሉ፤ እኔ የተጣሉ ቦርዶችን የማስቀምጠው ለዚህ ነው። አሮጌው ቺፕ ገና የሚነበብ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ሁለት ጊዜ ቅዱትና ፋይሎቹን አመሳክሩ። የኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።