ለመጀመሪያ ጊዜ ሄቪ ሜታል ፌስቲቫል ለምትሄዱ፦ ከጆሮ መድፈኛ እስከ ሞሽ ፒት

ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰ፣ ጸጉሩን እስከ ወገቡ የለቀቀ፣ ክንዱ በንቅሳት የተሞላ ግዙፍ ሰው አጠገባችሁ ሲቆም ትንሽ መስጋት ያለ ነው። አትስጉ። ብትወድቁ ቀድሞ የሚያነሳችሁ ምናልባት እሱ ነው። ሜታል ፌስቲቫል ላይ አዲስ ሰውን የሚጎዳው የሚያስፈራው ነገር አይደለም። የሚጎዳው ማንም የማይፈራው ነው፦ ያልተደፈነ ጆሮ፣ የማይመች ጫማ፣ ያልተጠጣ ውሃ።

የት ልሂድ?

ትልልቆቹ አውሮፓ ውስጥ ናቸው። ዋከን ኦፕን ኤር እ.ኤ.አ. በ1990 ሰሜን ጀርመን ውስጥ በምትገኝ ዋከን በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ተጀመረ። ዛሬ በየዓመቱ ክረምት ላይ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍባታል። የሚገርመው፣ በዓሉን በባህል የሚከፍተው የመንደሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የማርሽ ባንድ ነው። አዎ፣ ጥሩምባና ከበሮ ይዘው። ፈረንሳይ ክሊሶን ላይ ደግሞ ሄልፌስት አለ፣ እንግሊዝ ዶኒንግተን ፓርክ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የሚካሄደው ዳውንሎድ አለ።

የእኔን ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ በትልቁ አትጀምሩ። የአንድ ቀን ወይም አነስ ያለ ፌስቲቫል ካገኛችሁ እሱን ቅመሱት። አራት ቀን ድንኳን ውስጥ ማደር ለሙዚቃው ፍቅር ሳይሆን ለወገብ የሚሰጥ ፈተና ነው። የለም፣ ትልቁን ነው የምፈልገው ካላችሁ ግን ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ሙዚቃውን ቀድሞ መስማት

ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው፣ በኋላም ሁሉም ባንድ አንድ ዓይነት ጩኸት ይሆንባቸዋል። ሜታል አንድ ነገር አይደለም። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ከበርሚንግሃም ይዞት የመጣው ከባድና ዘገምተኛ ድምፅ ዛሬ ዱም ለሚባለው ዘርፍ አባት ነው። አይረን ሜይደንና ጁዳስ ፕሪስት ዜማው ጎልቶ የሚሰማ፣ ለጀማሪ ጆሮ የሚቀል ነው። ትራሽ ፈጣን ነው፣ ሜታሊካና ስሌየር ከዚያ ነው የመጡት። ዴዝ ሜታል ላይ ዘፋኙ ከሆዱ ያጓራል፣ ብላክ ሜታል ላይ ደግሞ ይንጫረራል። ፓወር ሜታል ከፈለጋችሁ ድራጎንና ሰይፍ፣ አብሮ የሚዘመር አዝማች።

የባንዶቹ ዝርዝር ሲወጣ አምስት ወይም ስድስት ምረጡና በደንብ ስሟቸው። ሴትሊስት ኤፍኤም የሚባል ድረ ገጽ ላይ አንድ ባንድ ሰሞኑን የትኞቹን ዘፈኖች እንደተጫወተ ማየት ይቻላል፣ እነሱን ብቻ መልመድ ይበቃል። አንዳንድ ፌስቲቫል መድረኮቹን በየዘርፉ ይለያል። ሄልፌስት ላይ ለምሳሌ ቫሊ የሚባለው መድረክ የዱምና የመሰሎቹ ነው፣ ኦልታር የዴዝ ሜታል፣ ቴምፕል የብላክ ሜታል። የወደዳችሁትን ካወቃችሁ እግራችሁ ራሱ ይወስዳችኋል።

ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

ጫማ። የለመዳችሁት፣ የተዘጋ፣ ውሃ የማያስገባ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ ቦት ገዝታችሁ በዚያው ቀን አታድርጉ፣ በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ ትቆማላችሁ። ነጠላ ጫማ ለሻወር ብቻ። ካልሲ ከምታስቡት በእጥፍ ያዙ።

የዝናብ ልብስ የግድ ነው፣ ሰማዩ ቢጠራም። እ.ኤ.አ. በ2023 ዋከን ላይ ዝናቡ መስኩን ወደ ጭቃ ባሕር ስለቀየረው አዘጋጆቹ መግቢያውን ዘጉት፣ ትኬት በእጃቸው የያዙ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከመንገድ ተመለሱ። ዣንጥላ ግን ይቅር፣ ከኋላችሁ ያለውን ሰው እይታ ይጋርዳል፣ ብዙ ቦታም አያስገቡትም።

ቀሪው ቀላል ነው፦ መታወቂያ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የፀሐይ ክሬም፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ሶፍት (ብዙ ሶፍት)፣ ባዶ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ። መስታወት የሆነ ነገር በር ላይ ይወሰድባችኋል። ብዙ ፌስቲቫሎች ትልቅ ቦርሳም ስለማያስገቡ ደንባቸውን ቀድማችሁ አንብቡ። ገንዘብ በጥሬው የማይቀበሉም አሉ፣ የእጅ አምባሩ ላይ ሞልታችሁ ትከፍላላችሁ።

ልብስስ? ጥቁር ቲሸርት ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ሮዝ ጥንቸል መስሎ የሚመጣ ሰው ያለበት ቦታ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ አንድም ዘፈኑን የማታውቁትን ባንድ ቲሸርት አትልበሱ። አንዱ ደስ ብሎት መጥቶ ስለ ሁለተኛው አልበም ሲጠይቃችሁ መግቢያ ታጣላችሁ።

ጆሮ

ይህን ለብቻው ያደረግኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልደፍን ገባሁ፣ መድፈን የሽማግሌ ነገር መስሎኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ጭው ሲል ቆየ።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ባወጣው መመሪያ 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። የሜታል መድረክ ፊት ድምፁ 100 ማለፉ የተለመደ ነው፣ አንድ ባንድ ደግሞ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጫወታል። ሒሳቡን ለእናንተ ተውኩት።

የስፖንጅ መድፈኛ ርካሽ ነው፣ በደንብ ይሠራል። በጣታችሁ ጠቅልላችሁ አቅጥኑት፣ በሌላኛው እጅ ጆሮአችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ አስገቡት፣ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት። ሙዚቃው ታፈነብኝ ካላችሁ ለሙዚቀኞች የተሠራ ማጣሪያ ያለው አለ፣ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያደበዝዘውም። ድንኳን ውስጥ ለመተኛትም ይጠቅማችኋል፣ ጎረቤታችሁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስፒከር ከፍቶ ሲዘፍን።

ስትደርሱ

ድንኳኑን ዝቅ ያለ ቦታ አትትከሉ፣ ውሃው የሚተኛው እዚያ ነው። ምልክት አድርጉበት፣ በጨለማ ሺህ ድንኳን አንድ ይመስላል። ከጓደኞቻችሁ ጋር የመገናኛ ቦታ በቃል ተስማሙ፣ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ይጠፋል። የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳንና የውሃ ቧንቧ የት እንዳሉ እዩ። ቢራ የምትጠጡ ከሆነ በየመሃሉ ውሃ ጠጡ።

መድረኩ ጋ ስትሄዱ አዲስ ሰው ወደ ፊት መጋፋት ያምረዋል። ግን ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው የድምፅ ባለሙያዎቹ ሚክሰራቸውን የዘረጉበት አካባቢ ነው፣ የሚያስተካክሉት እዚያ ለሚሰማው ነውና። እዚያ ጀምሩ። ቀን ላይ በትንሹ መድረክ የሚጫወቱትን የማይታወቁ ባንዶችም አትናቁ፣ እኔ ዛሬ ከምወዳቸው ውስጥ ብዙዎቹን ያገኘሁት እንዲያ ነው።

ሁለት ጣት ቀስሮ እጅ ማንሳቱ ያስጨነቃችሁ ካላችሁ፣ ምልክቱን ያስለመደው ዘፋኙ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው፣ ብላክ ሳባዝን ሲቀላቀል። እሱ ራሱ ከጣሊያናዊት አያቱ የተማረው የቡዳ መከላከያ እንደሆነ ይናገር ነበር። አመልካች ጣትና ትንሿ ጣት ይነሳሉ፣ አውራ ጣት ይታጠፋል። አውራ ጣቱን ከዘረጋችሁት በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ «እወድሃለሁ» ማለት ይሆናል፣ እሱም ክፋት የለውም።

ሞሽ ፒት

ሰዉ መሃል ላይ ክብ ክፍት ቦታ ሲፈጠር ካያችሁ ያ ፒት ነው። ውስጡ ያሉት ይገፋፋሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይሮጣሉ። ጠብ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ዳር ሆናችሁ አንድ ሁለት ዘፈን ተመልከቱ፣ ደንቡ ይገባችኋል። የወደቀ ሰው ወዲያው ይነሳል፣ የቅርቡ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነሳዋል። ጫማ ወይም ስልክ ያገኘ ሰው ባለቤቱ እንዲያየው ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። መግባት ያልፈለገን ሰው መጎተት ነውር ነው። በክርንና በቡጢ መማታትም፣ የሰው ገላ መዳበስም እንዲሁ፣ ይህን የሚያደርግ ካያችሁ ለጥበቃ ንገሩ።

ለመግባት ከወሰናችሁ መነጽርና ሹል ጌጥ አውልቁ፣ የጫማ ማሰሪያ አጥብቁ፣ ኪሳችሁን ዝጉ። በክብ የሚሮጡበት ሰርክል ፒት ለጀማሪ ይሻላል፣ ከሰዉ ጋር በአንድ አቅጣጫ መሮጥ ብቻ ነው። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ዘፈኑ ሲፈነዳ እርስ በርሱ የሚላተምበት ዎል ኦፍ ዴዝ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ። መሃሉ ባዶ ሲሆን «ጥሩ ቦታ አገኘሁ» ብላችሁ እዚያ እንዳትቆሙ!

በሰው እጅ ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣ ካለ እጃችሁን አንሱና አሳልፉት። ከኋላ የሚመጣ ቦት ጫማ ማጅራታችሁን እንዳይመታ አልፎ አልፎ ዞር እያላችሁ እዩ። መጨናነቁ ትንፋሽ ካሳጣችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ፊት አጥፋችሁ ቦታ ፍጠሩ፣ ግፊቱ ፋታ ሲሰጥ በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ። ፊት ለፊት አጥሩ ጋ ከሆናችሁ ለጥበቃዎቹ ምልክት ስጡ፣ ጎትተው ያወጧችኋል። ማንም አይስቅባችሁም።

ጭንቅላት መወዝወዙ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሁን፣ ከወገብ ዝቅ እያላችሁ እንጂ በአንገት ብቻ አይሁን። የስሌየሩ ዘፋኝ ቶም አራያ እ.ኤ.አ. በ2010 የአንገት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ከዚያ ወዲህ መወዝወዝ ትቷል። እናንተ ደግሞ የሦስት ቀን ሙዚቃ ከፊታችሁ አለ፣ አንገታችሁን የመጀመሪያው ማታ አትጨርሱት።

ሲያልቅ

ድንኳናችሁን ጥላችሁ አትሂዱ። መኪና የምትነዱ ከሆነ መጀመሪያ ተኙ፣ የትናንቱ ቢራ ጠዋትም ደም ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንገትና እግር በጥቂት ቀን ይመለሳል። የጆሮ ጭውታ ግን ካልለቀቃችሁ፣ ወይም መስማት ከቀነሰባችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለሚቀጥለው ዓመትም ካማራችሁ ጭቃውን ከጫማችሁ እስክታራግፉ አትጠብቁ፣ የዋከን የእ.ኤ.አ. 2024 ትኬት የ2023ቱ ፌስቲቫል ገና እንዳለቀ ለሽያጭ ቀርቦ በሰዓታት ውስጥ ነው ያለቀው።