የዱቤ ደረሰኝን ከባንክ ገቢ ጋር እንዴት እንደማገናኝ

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ ማከፋፈያ ሒሳብ እይዛለሁ። ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከባቲና ከወረኢሉ የሚመጡ ቸርቻሪዎች ቆርቆሮና ሲሚንቶ በዱቤ ወስደው ገንዘቡን በባንክ ይልካሉ። የቱ ገቢ የየትኛው ደረሰኝ እንደሆነ መለየት የእኔ ሥራ ነው።

ብሩ ስለገጠመ ብቻ አታገናኙ። ጀማሪ ሳለሁ 46,000 ብር ገባ፤ ላኪው ሰይድ ይላል። የመርሳው ሰይድ ልክ 46,000 ዕዳ ስላለበት ከእሱ ላይ ቀነስኩ። በሳምንቱ ለሐይቁ ሰይድ ደውዬ "ዱቤዎ ቀኑ አልፏል" አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም። ቅዳሜ የባንኩን ወረቀት አጣጥፎ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፤ "አብሽሪ ልጄ፣ ወሎ ውስጥ ሰይድ ብዙ ነው" አለኝ። ሐጂ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ እንጂ ምንም አላሉም። ዝምታቸው ነው የከበደኝ።

ስለዚህ የምጀምረው ባንኩ ለእያንዳንዱ ክፍያ ከሚሰጠው ሪፈረንስ ቁጥር ነው። ደንበኛው ሲከፍል የላከልኝን ወረቀት ቁጥር በዕለቱ ከደረሰኝ ቁጥሩ ጎን እጽፋለሁ። ስቴትመንቱ፣ ማለትም የባንኩ የገቢና ወጪ ዝርዝር፣ ሲመጣ ኤክሴል ላይ ቁጥሩን ፈልጌ ሁለቱንም መስመር አረንጓዴ አደርጋለሁ። በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ግን ክፍያ አይደለም። ገንዘቡ ስቴትመንቱ ላይ እስኪታይ ዕዳውን አልነካም፤ አንዱን ፎቶ ለሁለት ደረሰኝ የሚልክም አጋጥሞኛል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ቀን ላይ ነው። ደረሰኛችን በእኛ አቆጣጠር፣ ስቴትመንቱ በፈረንጅ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 2017 ለባንኩ ኦክቶበር 30፣ 2024 ነው። ስቴትመንቱ ላይ የእኛን ቀን የሚይዝ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ልዩነቱን በጭንቅላት አታስሉ። 2015 ጳጉሜው ስድስት ቀን ስለነበረ የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ያ የአንድ ቀን ዝንፈት ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ ድረስ ተከትሎኝ ነበር። ክፍያ ከደረሰኙ ቀን ቀድሞ የገባ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ። የባቲዎቹ ገንዘብ ደግሞ ማክሰኞ ነው የሚጎርፈው፤ ገበያቸው ሰኞ ነዋ።

ከዚያ ብሩ የማይገጥመው ይቀራል። ገዢው ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ከሆነ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር፣ ቀንሶ ይከፍላል። በ2016 ለአንድ ድርጅት ከቫት በፊት 40,000፣ ከቫት ጋር 46,000 ብር ሸጥን፤ የገባው 45,200 ነው። የጎደለው 800 ብር የ40,000ው ሁለት በመቶ ነው፤ ዊዝሆልዲንጉ ቫቱ ላይ አይሰላም። መጠኑ በኋላ ስለተሻሻለ ክፍያው በተፈጸመበት ቀን የሚሠራውን ተጠቀሙ። 800ውን እንደ ዕዳ አታቆዩት፣ እንደ ቅናሽም አትሰርዙት፤ የተቀነሰ ግብር ብላችሁ ያዙና የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ጠይቁ። ያለ ደረሰኙ ግብር ላይ አይቀናነስላችሁም።

በአንድ ክፍያ ሦስት ደረሰኝ የሚዘጋም አለ። ለየትኞቹ እንደሆነ ላኪውን ጠይቁ፤ ካልነገራችሁ ከቆየው ጀምሩ። ግማሽ ከፋይን ቀሪውን ጻፉበትና እለፉ።

ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ ሲያጋጥም አንዱ ላይ መለጠፍ ያምራል። አትለጥፉ። "ያልታወቀ ገቢ" የሚል ሒሳብ ክፈቱና እዚያ ይቀመጥ። አንዳንዱን ወንድም ወይም ሾፌር በራሱ ስም ይልከዋል፤ ስሙም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰይድ ሦስት ዓይነት ይሆናል። አንዴ ሁለት ወር ሙሉ ያፈላለግሁት 30,000 ብር ሐጂ ራሳቸው ያስገቡት ሆኖ ተገኘ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ድምር አያለሁ። የወሩ ጠቅላላ የባንክ ገቢ ከደንበኞች ከተቀነሰው፣ ካልታወቀውና ከሽያጭ ውጭ ከገባው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። በየደንበኛው የቀረው ዕዳ ሲደመር ደግሞ ከተሰብሳቢ ሒሳቡ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ ካለው ጠቅላላ የደንበኞች ዕዳ፣ ጋር ይገጥማል። አንድ ብር ከተለያየ ወሩን አልዘጋም።

ፋይሉን ከሱቁ ውጭ አስቀምጡ። በ2014 ከደሴ ወጥተን ስንመለስ የደረሰኝ ጥራዞቹ አልነበሩም። ዱቤውን መልሼ የጻፍኩት ከባንክ ካወጣሁት ስቴትመንትና ፍላሽ ላይ ከተረፈ የመስከረም ዝርዝር ነው። የሐይቁ ሰይድ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረ 12,000 ብር ራሱ ደውሎ አስመዘገበ።