ተረቱ ማታ፣ ሥዕሉ ጠዋት

ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ከሆነ ይህቺን ሞክሯት። ማታ አጭር ተረት ንገሯቸው። ወዲያው ሳሉ አትበሏቸው፤ ተረቱ ልባቸው ውስጥ ይደር። ጠዋት ወረቀትና ቀለም ስጧቸው፣ ያስታወሱትን ይሳሉ። የገባቸውን ከጥያቄ ይልቅ ሥዕሉ ይነግራችኋል።

ተረቱ ስለ ዘር ከሆነማ አንድ ፍሬ ቦሎቄ አምጡ። ሲዘፈዘፍ ያደረውን ፍሬ በእርጥብ ጥጥና በብርጭቆው ግድግዳ መሃል አጣብቁት። ጥጡ እንዳይደርቅ ብቻ። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ሥሩ ብቅ ይላል። ያኔ ብርጭቆውን በጎኑ አስተኙት። በማግስቱ የሥሩ ጫፍ ታጥፎ ወደ ታች ሲዞር የልጆቹን ፊት እዩ! በየቀኑ ይሳሉት፣ ቀኑንም ይጻፉበት፤ ቁጥሩ በዚያው ይለመዳል። እባካችሁ፣ ሥዕሉን አታርሙባቸው። ሥሩን ሰማያዊ ካደረጉት «እስቲ ንገረኝ» ብላችሁ አዳምጡ።