ዕጩን በዓመት ስንመዝን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን፣ ቶናው ላይ ወሬው ወደ ምርጫ ዞረ። አንድ አባት «ሃያ ዓመት ቢሮ የኖረ ሰው እያለ ምን ልጅ ትመርጣላችሁ?» አሉ። የቤቱ ልጅ አፏን አልያዘችም። «አባባ፣ በሃያ ዓመቱ ምን ሠራ?» አባት ሳቁ፤ መልስ ግን አልመጣላቸውም።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው፤ ዓመት መቁጠር። ወንበር ላይ መክረም ሌላ፣ መሥራት ሌላ። አሜሪካኖች በእነሱ አቆጣጠር በ1856 ጄምስ ቡካናንን መረጡ። ሰውዬው ያልሠራበት ቦታ አልነበረም፤ የሕዝብ እንደራሴ፣ ሴናተር፣ በሩሲያና በእንግሊዝ የአገሩ ተወካይ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ሥልጣኑን ሲያስረክብ ግን ሰባት ግዛቶች ተገንጥለው ነበር። የተካው ሊንከን በዋሽንግተን ምክር ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ልምድ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። «ስንት ዓመት?» ካላችሁ አይቀር «ምን ጀምሮ ምን ጨረሰ? ገንዘብ ሲያጥር ማንን አስቀደመ?» ብላችሁ ጨምሩበት።

ሁለተኛው፣ ልምዱ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ አለመጠየቅ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። እዚያ የሚገባ ሰው ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትር ይጠይቃል። እኛ ግን ዕጩው ሐይቅ ወይም ወልዲያ መጥቶ «አስፋልት አስገባላችኋለሁ» ሲል እናጨበጭባለን። አስፋልቱን የሚያነጥፈው እሱ አይደለም! በጀት ማንበብ ይችላል ወይ? ሚኒስትር ፊት ቆሞ ይናገራል ወይስ ይሽቆጠቆጣል? ጥሩ አስተማሪ ወይም ጥሩ ነጋዴ መሆኑ ብቻውን ይህን አይነግረንም።

ሦስተኛውን እኛ ወሎዬዎች በተለይ እንስተዋለን። ቅሬን፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን፣ እንደ ልምድ አንቆጥርም። የሰው ገንዘብ ይዞ ሳንቲም ሳያጎድል የኖረ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ድንኳን ሥር ያስተናገደ፣ የተጣላ ያስታረቀ ሰው ማስረጃው ላይ ምንም አልተጻፈም። ቢሮ ከከረመው ስንቱ ይህን ይችላል? ወጣትነትም ነውር አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ለዕጩነት 21 ዓመት ይበቃል ይላል።

«የቦረና ልጅ ነው፣ የየጁ ልጅ ነው» ማለትስ? ትውልድ ነው እንጂ ልምድ አይደለም፤ እሱን እለፉት።

የመጨረሻው ከመረጡ በኋላ መርሳት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ምን እንዳለ የማይከታተል መራጭ፣ ሰውዬው «ልምድ አለኝ» ብሎ ሲመለስ በምን ይሞግተዋል? ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ፣ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከምክር ቤቱ እንደሚወገድ ይናገራል።

በረካው ሲቀዳ አባት ወደ ልጅቷ ዞሩ። «እሺ፣ ያ የምትመርጪው ልጅ ቅሬ ይከፍላል?»

ትንሽ ዝም አለች። «እሱን ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»