ሰብዉፈር ስትጨምሩ፦ መጀመሪያ ቦታ ፈልጉለት

ጥሩ አምፕሊፋየርና ጥሩ ስፒከር አላችሁ፤ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ልትጨምሩ ነው እንበል። ቤት ማናወጥ ለሚፈልግ ይህ ጽሑፍ አይጠቅመውም። እዚህ የምናወራው ስፒከሩ አቅም የሚያጥረውን ወፍራም ድምፅ (ቤዝ)፣ ብዙ ጊዜ ከ50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ርግብግቢት) በታች ያለውን፣ ሌላ ሳጥን እንዲሸከምለት ስለማድረግ ነው።

ማገናኘቱ ቀላል ነው። ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። አምፕሊፋየሩ የሰብዉፈር መውጫ ካለው በአርሲኤ ገመድ (ቴፕንና ቲቪን የምናገናኝበት ክብ ጫፍ ያለው ገመድ) ያልቃል። ከሌለው የስፒከር ገመድ የሚቀበል ሰብዉፈር ግዙ። በውድ ገመድ ብር ማባከን ግን ለእኔ አይገባኝም።

ዋናው ጣጣ ቦታው ነው። ደብረ ብርሃን ብዙ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ግድግዳውን ሁሉ ይዞታል፤ ለሰብዉፈሩ የሚተርፈው ማዕዘን ብቻ ነው። ማዕዘን ቤዙን ያጎላዋል፤ ችግሩ፣ አንዱን ድምፅ ለይቶ ያስጓራዋል። በሁለት ግድግዳ መካከል 4 ሜትር ካለ፣ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ይጠነክራል። ግድግዳ ሥር ያጓራል፣ ክፍሉ መሃል ላይ ይጠፋል። የመንዝ ባና ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ ቀጭኑን ድምፅ ያረጋጋል። ቤዙን ግን አይነካውም፤ የ40 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል።

ስለዚህ ነገሩን ገልብጡት። ሰብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አውጡት። ከበሮ የሚመታበት መዝሙር ክፈቱ። ከዚያ ጆሯችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በግድግዳው ዙሪያ ዳሁ። (እንግዳ ባለበት ባታደርጉት ይሻላል።) የከበሮው ምት ሳይጎተት፣ አንድ በአንድ ተለይቶ የሚሰማበት ቦታ ይገኛል። ሳጥኑን እዚያ አስቀምጡት። ሶፋ ማንሳት ካስፈለገም ይነሳ። የቡፌው ብርጭቆ ከተንቀጫቀጨ ሥሩ ጨርቅ አንጥፉ።

ቀጥሎ ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ሰብዉፈሩ ከስንት ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ እንደሚይዝ የሚወስነው ማስተካከያ። ለትልልቅ ስፒከር ከ50 እስከ 60፣ ለትንንሾቹ 80 ሄርዝ ላይ ጀምሩ። በገና ክፈቱና አዳምጡ፤ የዘማሪው ድምፅ ከሰብዉፈሩ በኩል የሚመጣ ከመሰላችሁ ቀንሱት። ፌዝ (phase) የሚለውን፣ የሰብዉፈሩን ሞገድ ከስፒከሩ ጋር የሚያገጥመውን ማብሪያ ሌላ ሰው ከ0 ወደ 180 ይቀያይርላችሁ። እናንተ ከቦታችሁ አትነሱ። ቤዙ የሞላበትን ያዙ። ቮልዩሙን ሰብዉፈሩ እስኪታወቃችሁ ከፍ አድርጉና ትንሽ መልሱት። ጎረቤትም ይመርቃችኋል።

እም የሚል ድምፅ ከተሰማ አምፕሊፋየሩንና ሰብዉፈሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። የመሬት መስመሩን መቁረጥ መፍትሔ ነው የሚላችሁን አትስሙ፤ ለሕይወት አደገኛ ነው። መብራት ሲሄድም ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ አይታመንም።

ገንዘብ ካላችሁ ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ እመርጣለሁ። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መሃል መሃል ላይ ሲቀመጡ ያንን ማጓራት ይቀንሱታል፤ ሶፋው ዳር የተቀመጠውም ተቀራራቢ ቤዝ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ቮልዩም ቀንሱ፣ ፌዙንም እንደገና ሞክሩ።