አይፈለጌ ኢሜይልን ዴሊት ማድረግ ብቻ ለምን አይበቃም

ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስመጣ የድሬዳዋ ነጋዴ ጠዋት ከዚራ ወይም መጋላ ሱቁን ከፍቶ ኢሜይሉን ሲያይ አምስት መልእክት ይጠብቀዋል እንበል። አንዱ ከትራንዚተሩ፣ ማለትም ዕቃውን ከጉምሩክ ከሚያስለቅቅለት ወኪል፣ የመጣ እውነተኛ ሰነድ ነው። ሁለቱ ከቻይና ፋብሪካዎች የተላኩ የዋጋ ማስታወቂያዎች ናቸው። አራተኛው «ዲቪ ደርሶዎታል» ይላል፤ አምስተኛው «ኮንቴይነርዎ ወደብ ገብቷል፣ የተያያዘውን ይክፈቱ» ይላል። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም ዴሊት አድርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዴሊት ግን ላኪው አጭበርባሪ መሆኑን ለኢሜይል አገልግሎቱ አይነግረውም፤ ያው ላኪ ነገም ይመጣል። የማይፈልጉት መልእክት ሦስት ዓይነት ነው፤ ለእያንዳንዱም የሚነካው ቁልፍ የተለየ ነው።

የመጀመሪያው አድራሻዎን ራስዎ የሰጡት እውነተኛ ድርጅት ማስታወቂያ ነው፦ አየር መንገድ፣ ሆቴል፣ አንድ ጊዜ ዋጋ የጠየቁት ፋብሪካ። ለዚህ «አንሰብስክራይብ» (ከዝርዝሩ መውጫ) ይበቃል። ጂሜይል ላይ ብዙ ጊዜ ከላኪው ስም አጠገብ ይገኛል። ጉግል ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልኩ ድርጅቶች በአንድ ንክኪ መውጫ እንዲያስቀምጡና ጥያቄውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ አስገድዷል። ስለዚህ ዛሬ ነክተው ነገ አንድ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ሳምንት አልፎም ከቀጠለ ስፓም (አይፈለጌ) ብለው ሪፖርት ያድርጉት።

ሁለተኛው የማያውቁት ሰው ማስታወቂያ ነው። እዚህ ላይ መልእክቱ ውስጥ ያለውን «ከዝርዝሩ ልውጣ» የሚል ሊንክ አይንኩ፤ «ሁለተኛ እንዳትልኩልኝ» ብለውም አይመልሱ። አድራሻው የሚሠራና ሰው የሚያነበው መሆኑን ያረጋገጡላቸው እርስዎ ይሆናሉ፤ የተረጋገጠ አድራሻ ደግሞ ለሌሎች ይሸጣል። መልእክቱን ከፍተው ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይንኩና «ሪፖርት ስፓም» ይበሉ። ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ «አይፈለጌ መልዕክት» የሚለውን ይፈልጉ፤ አውትሉክ ላይ «ጀንክ» ይባላል።

ሦስተኛው ሌብነት ነው፤ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እሱ ነው።

መጀመሪያ የላኪውን ስም ይንኩና ሙሉ አድራሻውን ያውጡ። ስሙን ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል፤ የባንክ ስም ከፊት አስቀምጦ ከኋላ የማይታወቅ አድራሻ መደበቅ ቀላል ነው። አድራሻው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ ነው፤ ቁርኣን ለቀራ የሐረርና የድሬ ሰው ይህ አይከብድም። «ባንክ ዶት ኮም ዶት ክፍያ ዶት ኢንፎ» የሚል አድራሻ የባንኩ አይደለም። ከቀኝ ሲጀምሩ «ኢንፎ»ን፣ ቀጥሎ «ክፍያ»ን ያገኛሉ፤ ባለቤቱ እሱ ነው። ከዚያ በስተግራ ያለው ሁሉ ለማታለያ የተለጠፈ ነው። መጨረሻው «ኮም ዶት ኢቲ» ከሆነ ግን እነዚያን ሁለቱን አልፈው ሦስተኛውን ይዩ።

የዲቪው ነገር አጭር ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ዕጣው ደረሰዎት» ብሎ ኢሜይል አይልክም። ውጤቱን አመልካቹ ራሱ መጨረሻው «ስቴት ዶት ገቭ» በሆነው ድረ ገጽ ላይ፣ ሲያመለክት በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ገብቶ ያያል። አስቀድመው በሐዋላ ብር ይላኩ የሚልዎት ሌባ ነው። ፎርሙን ኢንተርኔት ቤት ካስሞሉ የተመዘገበው ኢሜይል የእርስዎ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ፤ ቁጥሩንም ታትሞ ሳይሰጥዎት ከወንበሩ አይነሱ።

የኮንቴይነሩ መልእክት ግን የሚመጣው ዕቃ በእርግጥ ለሚጠብቅ ሰው ስለሆነ ያሳምናል። የተያያዘው ፋይል መጨረሻው ዚፕ፣ ኤችቲኤምኤል ወይም ኢኤክስኢ ከሆነ አይክፈቱት። «ፒዲኤፍ ዶት ኢኤክስኢ» የሚል ካዩ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው፤ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው ማለት ነው። ሰነዱን ለማየት የኢሜይል ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ ከመጣ ወዲያው ይዝጉ፤ ኢሜይልዎ ውስጥ ገብተው ሳለ ፓስወርዱን እንደገና የሚፈልገው ሊሰርቀው ነው። ቀድሞ በእጅዎ ባለው ስልክ ቁጥር ለትራንዚተሩ ይደውሉ እንጂ መልእክቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደውሉ።

ከሁሉ የከፋው «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን በዚህ ይላኩ» የሚለው ነው። ይህ ዕቃ ከሚልክልዎት ነጋዴ ትክክለኛ አድራሻ ሊመጣ ይችላል፤ ኢሜይሉ ተሰብሮበት ሌባው ውስጥ ተቀምጦ የምትጻጻፉትን ሲያነብ ከርሞ ይሆናል። በኮምፒዩተር ከሦስቱ ነጥቦች «ሾው ኦሪጅናል» ብለው ሲያዩት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የተባሉት ሦስቱ የላኪ ማረጋገጫዎች «ፓስ» (አልፏል) ሊሉ ይችላሉ። «ፌይል» (ወድቋል) ካሉ መጠርጠር ይገባል፤ «ፓስ» ማለት ግን መልእክቱ ከዚያ አድራሻ ወጣ ማለት ብቻ ነው፣ ማን እንደጻፈው አይነግርዎትም። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በድምፅ ሳይረጋገጥ አንድ ብር እንኳ አይላክ።

እንዲህ ያለውን የሌብነት መልእክት በኮምፒዩተር «ሪፖርት ፊሺንግ» (የማጭበርበር ጥቆማ) ይበሉ። ገንዘብ ወይም ፓስወርድ ከሄደ መልእክቱን አያጥፉት። ፎርዋርድ ሲደረግ መልእክቱ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳየው መረጃ ይቀራል፤ ስለዚህ ከ«ሾው ኦሪጅናል» ገጽ ላይ ዋናውን ፋይል ያውርዱ። ለባንክዎ በዚያው ሰዓት ይደውሉ፤ ከዚያ ፋይሉን ይዘው ፖሊስ ዘንድ ይሂዱ፣ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሥር ላለው የሳይበር ጥቃት ምላሽ ሰጪ ክፍል፣ ኢትዮ-ሰርትም ያሳውቁ።

የስፓም ሳጥኑን በሳምንት አንዴ ይዩት። ጂሜይል እዚያ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ይደመስሰዋል፤ እውነተኛ ኢንቮይስም አንዳንዴ እዚያ ይወድቃል። ካገኙት «ኖት ስፓም» ይበሉት።

አድራሻዎ እንዳይሰራጭ የሱቁንና የግሉን ይለዩ። በፌስቡክ ገጽና በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ አድራሻ በሮቦት ይለቀማል፤ እዚያ ለሕዝብ የሚታየው የሱቁ ይሁን፣ ባንክና ጉምሩክ የሚያውቁት ሌላ ይሁን። ጂሜይል ላይ ከስምዎ ቀጥሎ የ+ ምልክትና አንድ ቃል ቢጨምሩ መልእክቱ ያው እርስዎ ጋ ይደርሳል። ለአንድ ሆቴል «+ሆቴል» ብለው (ቃሉን በላቲን ፊደል ጽፈው) ከሰጡና በዚያ አድራሻ የማያውቁት ማስታወቂያ ከመጣ፣ ያሾለከው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። በሴቲንግ ውስጥ ምስሎች ከመታየታቸው በፊት እንዲጠይቅዎት ያድርጉ፤ ብዙ ማስታወቂያ በዓይን የማይታይ ነጥብ የምታህል ምስል ይዞ ይመጣል፣ ምስሏ ስትወርድ መልእክቱ መከፈቱን ለላኪው ትናገራለች። ዳታም ይቆጥብልዎታል።

ራስዎ ለደንበኞች ማስታወቂያ የሚልኩ ከሆነም ጥንቃቄው ይመለከትዎታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ ለፈቀዱልዎት ብቻ ይላኩ፤ የሱቁን ስምና አድራሻ፣ «እንዳይላክልኝ» የሚሉበትንም ቀላል መንገድ ከታች ይጻፉ። ሁለት መቶ ደንበኛ «ቱ» በሚለው መስመር ላይ ከደረደሩ የሁሉም አድራሻ ለሁሉም ይታያል፤ ከመካከላቸው የአንዱ ስልክ ቢጠለፍ ዝርዝሩ በሙሉ ሌባው እጅ ይገባል። አንዱ የሌላውን አድራሻ በማያይበት በ«ቢሲሲ» መስመር ያስገቧቸውና «ቱ» ላይ የራስዎን አድራሻ ይጻፉ።